ሩር ይሻላልን ወይስ ጥንግ? ስለ ኳስ ምርጫ ለቤተ ሰብ የቀረበ ምክር

በዚህ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ቤት ንጽሕናና ስለ ማዕድ ሥርዓት ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ዛሬ ግን ስለ ጨዋታ እንናገራለን። ጨዋታ ከንቱ ነገር ነው ብሎ የሚንቅ ሰው ቢኖር፥ ልጁ ጠባዩን የሚገልጠው በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ከተቀመጠበት ሰዓት ይልቅ በሜዳ ላይ በሚሮጥበት ሰዓት መሆኑን ያስብ። ደግሞም ልጅ ቈስሎ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ከመጽሐፉ ሳይሆን ከሜዳው ነውና፥ የሜዳው ነገር የአባትና የእናት ጕዳይ ነው።

በምሥራቅ ጐጃም፥ ከደጀን ተነሥቶ በብቸና፥ በደብረ ወርቅና በሞጣ አልፎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያለው አገር ሰፊ የጤፍና የስንዴ አገር ነው። ኅዳር አልቆ ታኅሣሥ ሲገባ አዝመራው ይታጨዳል፥ ይከመራል፤ እህል ይዞ የነበረውም መሬት ሜዳ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ልጆችና ጐልማሶች ጫፉ የቈለመመ ዱላ ፍለጋ ወደ ዱር ይሄዳሉ፤ የገና ጨዋታ ደረሰ ማለት ነው። በዓሉ ታኅሣሥ 29 ቀን፥ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። ጨዋታውን ከጌታ ልደት ጋራ የሚያያይዘው ትውፊት፥ እረኞች የልደቱን ብሥራት በሰሙ ጊዜ ከደስታቸው የተነሣ በበትራቸው ተጫወቱ ይላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ በዓሉ አንድ ሳምንት ሲቀረው በብቸና ከአንድ ወዳጃችን ቤት ተጋብዘን ነበር። ባለቤቱ በመንግሥት ሥራ ያረጁ ሰው ናቸው፤ የእኅታቸው ባል የሆኑት አማቻቸውም ከሞጣ መጥተው ነበር። የ9 ዓመት የልጅ ልጃቸው በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከታላላቆቹ ጋራ እንዲጫወት ተፈቅዶለት ስለ ነበረ፥ ኳስ እንዲመረጥለት ከፊታችን ቀረበ። አያቱ ከእንጨት የተጠረበ ሩር አወጡና «እኛ ያደግነው በዚህ ነው፤ ወንድ ልጅ የሚፈተነውም በዚህ ነው» አሉ። አማቻቸው ከጠፍር የተሠራ ጥንግ ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው አንድ ቃል ሳይናገሩ በመሶቡ አጠገብ አኖሩት። ለበዓል ከአዲስ አበባ የመጣው የባለቤቱ የወንድም ልጅ ደግሞ እየሣቀ ከሻንጣው አንዲት ነጭ የጐልፍ ኳስ አወጣና «አጐቴ፥ ይህችን ቢሞክሯትሳ? ከሁለቱም ይልቅ ሩቅ ትሄዳለች» አለ።

ሦስቱ ኳሶች በአንድነት ተቀምጠው ሳሉ ባለቤቱ ወደ እኛ ዘወር ብለው «አንቱ በጋዜጣ የሚጽፉት፥ እስቲ ይፍረዱ፤ የኳሱ ዓይነት ለውጥ ያመጣልን?» ብለው ጠየቁን። በዚያን ቀን በቂ መልስ አልሰጠናቸውም፤ ኋላ መርምረን ያገኘነውን እነሆ ለሁሉም እንዲጠቅም እንጽፋለን።

በመጀመሪያ ስሙን እንለይ። በዚህ ጽሑፍ ሩር የምንለው ከጠንካራ እንጨት ወይም ከዛፍ ሥር ተጠርቦ የተድበለበለውን ነው፤ ጥንግ የምንለውም ከቆዳ ወይም ከጠፍር የተሠራውን ነው። በአንዳንድ አገር አንዱ በሌላው ስም ይጠራልና አንባቢ እንዳይደናገር ብለን ነው። የሁለቱም ጠባይ ልዩ ልዩ ነው። ሩር በደረቅ መሬት ላይ ፈጥኖ ይንከባለላል፤ ነገር ግን ድንጋይ ሲነካው ወዳልታሰበበት ይፈነጠራል፥ ምት ሲደጋገምበትም ይሰነጠቃል። ጥንግ ሲመታ ጥቂት ስለሚለዝብ የምቱን ኃይል ከፊሉን ራሱ ይውጠዋል፥ ርቀቱም ያንሳል፤ የጧት ጤዛ ከጠጣም ይከብዳል። ደግሞም የብቸና አገር ጥቁር መረሬ መሬት በበጋ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ፥ ትንሽ ኳስ ከስንጥቁ ገብታ ትቀራለች፥ ተለቅ ያለችው ግን ታልፈዋለች። እንግዲህ ኳስ የሚመረጠው ከሜዳው ጋራ ተያይቶ ነው።

የወንድም ልጅ ያመጣት የጐልፍ ኳስ ግን ታሪኳ ረጅም ነው። ጐልፍ በስኮትላንድ ያደገ ጨዋታ ሲሆን፥ ተጫዋቹ ትንሿን ኳስ በልዩ ልዩ ዱላ እየመታ በጥቂት ምት ወደ ጕድጓድ የሚያስገባበት ነው። ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው። ቀድሞ ኳሱ የሚሠራው በትንሽ የቆዳ ከረጢት ውስጥ የወፍ ላባ እየተጠቀጠቀ ነበር፤ አንድ ሠራተኛ በቀን ጥቂት ብቻ ስለሚሠራ ዋጋው ውድ ነበረ፥ ዝናብ ሲነካውም ይበላሽ ነበር። በ1848 ገደማ ጉታ ፔርካ ከሚባል የሩቅ ምሥራቅ ዛፍ ሙጫ የተሠራ ኳስ ወጣ፤ ርካሽ ስለ ነበረም ጨዋታው ከባለጸጎች አልፎ ለብዙ ሰው ደረሰ። በ1898 ኮበርን ሃስክል የተባለ አሜሪካዊ በመሐል እንብርት ላይ የላስቲክ ክር እየተጠመጠመ የሚሠራ ኳስ አወጣ። በ1902 ሳንዲ ኸርድ የተባለው ስኮትላንዳዊ በዚህ ኳስ ተጫውቶ ኦፕን የተባለውን የብሪታንያ ታላቅ ውድድር አሸነፈ፤ ከዚያ ወዲህ የሙጫውን ኳስ የሙጥኝ ያለ ሰው ጥቂት ሆነ። ኋላም የተጠመጠመው ኳስ በተራው አርጅቶ፥ ዛሬ ውስጡ ክር የሌለበት ድፍን ኳስ ተተክቶበታል።

ከሁሉ የሚያስገርመው የኳሱ ገጽ ነገር ነው። የሙጫው ኳስ አዲስ ሳለ ልስልስ ነበረ፤ ተጫዋቾች ግን በዱላ ተመትቶ የተቧጨረው አሮጌ ኳስ ከአዲሱ ይልቅ ቀጥ ብሎ ሲበር አስተዋሉ። ስለዚህ አዲሱን ኳስ ገና ሳይጫወቱበት በመዶሻ እየጠቀጠቁ ያቈስሉት ጀመር። በ1905 ዊልያም ቴይለር የተባለ እንግሊዛዊ፥ ዛሬ በየኳሱ ላይ የምናየውን የትንንሽ ጐድጓዳ ነጥብ አሠራር በስሙ አስመዘገበ። የነጥቦቹ ሥራ ይህ ነው፤ ኳሱን የሚነካውን አየር እያወዛወዙ ከገጹ ቶሎ ሳይላቀቅ ወደ ኋላው እንዲዞር ያደርጉታል፥ ስለዚህ ከበስተ ኋላ ኳሱን የሚጐትተው የአየር ሽክርክሪት ይጠብባል። ልስልስ ኳስና ነጥብ ያለበት ኳስ በብርቱ ተጫዋች እጅ በእኩል ኃይል ቢመቱ፥ ልስልሱ የሌላውን እኩሌታ ገደማ ብቻ ይሄዳል። ብቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል ከ2400 ሜትር በላይ ከፍ ያሉ ስለ ሆኑ፥ አየራቸው በባሕር ጠረፍ ካለው አየር በአምስት አንድ እጅ ገደማ የሳሳ ነው፤ በእነርሱ አገር የተመታ ኳስ ከዚያ ይልቅ ሩቅ ይሄዳል። የወንድም ልጅ «ሩቅ ትሄዳለች» ማለቱ እውነት ነበረ።

እንግዲህ ኑሮው በጨዋታ ላልሆነ፥ ለደስታና ለጤና ብቻ ለሚጫወት ሰው የኳስ ምርጫ ይጠቅመዋልን? ዛሬ የጐልፍ ኳስ ሠሪዎች ብዙ ዓይነት ይሸጣሉ፤ አንዱም ከሌላው በዋጋ እጅግ ይበልጣል። ሕጉ ግን ሁሉንም በአንድ ገመድ ያስራቸዋል፤ የኳሱ ክብደት ከ45.93 ግራም እንዳይበልጥ፥ የመሐል ስፋቱ ከ42.67 ሚሊሜትር እንዳያንስ፥ ፍጥነቱና ርቀቱም ከተወሰነው ልክ እንዳያልፍ ተደንግጓል። ስለዚህ በረጅሙ ምት የውዱና የርካሹ ልዩነት ጥቂት ነው። ልዩነቱ ጐልቶ የሚታየው በጕድጓዱ አጠገብ ነው፤ ለስላሳ ልባስ ያለው ውዱ ኳስ በሠለጠነ እጅ ሲመታ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ ባረፈበት ይቆማል፥ ጠንካራ ልባስ ያለው ርካሹ ግን አልፎ ይንከባለላል። ዳሩ ግን ይህን ጥቅም ለማግኘት አስቀድሞ ኳሱን አስተካክሎ መምታት ያስፈልጋል።

አንባቢ ይህን ከሌላ ሰው ሳይጠብቅ በገዛ ሜዳው ሊመረምረው ይችላል። ሁለት ዓይነት ኳስ ይያዝ፤ አንዱን 10 ጊዜ፥ ሁለተኛውንም 10 ጊዜ እያፈራረቀ ይምታ፤ እያንዳንዱም የደረሰበትን በእርምጃ ለክቶ ይጻፍ። በልምድ ያልሠለጠነ ሰው ከሆነ፥ በአንዱ ኳስ ብቻ ከመታቸው ምቶች በረጅሙና በአጭሩ መካከል ያለው ልዩነት፥ በሁለቱ ኳሶች መካከል ካለው ልዩነት ይበልጥ ብዙ ሆኖ ያገኘዋል። ጕድለቱ የእጁ እንጂ የኳሱ አይደለም ማለት ነው። ስለዚህ ገንዘቡን በውድ ኳስ ላይ ከሚያጠፋ፥ ዋጋው የሚችለውን አንዱን ዓይነት መርጦ ሁልጊዜ በእርሱ ቢለማመድ ይሻለዋል፤ ኳሱ በየቀኑ ከተለዋወጠ ስሕተቱ ከእጁ ይሁን ከኳሱ ለይቶ ሊያውቅ አይችልምና። ጽሕፈት የሚማር ልጅ ብዕሩን በየቀኑ ቢለዋውጥ እጁ እንደማይጸና ሁሉ፥ ይህም እንዲሁ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው ፍርድ ለጐልፍ ተጫዋች ይበቃዋል። በጐልፍ ኳሱ የሚመታው መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ነው፤ መቺውም በፊቱ ሰው አለመኖሩን ሳያይ እንዳይመታ ሥርዓት አለ። ገና ግን ሌላ ነው። ሁለት ወገን ሚና ለይቶ ይገጥማል፤ በመንደር ጨዋታ ሜዳው ብዙ ጊዜ ወሰን የለውም፥ የተጫዋቹም ቍጥር አይወሰንም፤ ኳሱም በሰው እግርና በዱላ መካከል ይበራል። ስለዚህ በጐልፍ «ይህ ኳስ ለመቺው ይስማማዋልን?» ተብሎ ሲጠየቅ፥ በገና ግን «ይህ ኳስ ፊት ለፊት የቆመውን ሰው ምን ያደርገዋል?» ተብሎ መጠየቅ ይገባል።

ነገሩን በሚዛን እንየው። ከባድ ኳስ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ከሚሄደው ከቀላሉ ኳስ ይልቅ ብዙ ኃይል ይሸከማል፤ ጠንካራ ኳስም ሲያርፍ ስለማይለዝብ ያንን ኃይል በቅጽበት በአንድ ቦታ ላይ ያወርደዋል። በዱላ የተለጋ እንጨት አጥንት ሊሰብር፥ ጥርስ ሊያረግፍ ይችላል። የዓይን ነገር ግን ከሁሉ የከፋ ነው። ዓይን በአጥንት ግንብ ውስጥ የተቀመጠ ነው፤ ትልቅ ኳስ ሲመጣ ግንቡ ያግደዋል፥ ከግንቡ አፍ የምትስተካከል ወይም የምታንስ ኳስ ግን ግንቡን አልፋ ዓይኑን ራሱን ታገኘዋለች። የጐልፍ ኳስ የመታው ዓይን ብዙ ጊዜ ብርሃኑን የሚያጣው ስለዚህ ነው። ትንሽና ጠንካራ ኳስ ከትልቅና ከለስላሳ ኳስ ይልቅ ለዓይን የሚያስፈራ መሆኑን እያንዳንዱ ወላጅ ይወቅ።

አሁን በብቸናው ቤት ወደ ነበረው ነገር እንመለስ። ባለቤቱ የሩርን ክብር ሲናገሩ አማቻቸው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቈዩ። በኋላ ቀኝ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑና ልጁን «ና ልጄ፥ ከፊቴ ቁምና ጣትህን አንሣ፤ ስንት እንደ ሆነ ልንገርህ» አሉት። ልጁም ሦስት ጣቱን አነሣ። እርሳቸውም ጥቂት ቈይተው «አላየሁም፤ በግራ ዓይኔ ካላየሁ 50 ዓመት አልፎኛል» አሉ። በልጅነታቸው በሞጣ ሜዳ ላይ ሩር እንደ መታቸው፥ የመታቸውም የቅርብ ጓደኛቸው እንደ ነበረ ያን ቀን ነገሩን። «ታዲያ ተጣላችሁን?» ብለን ብንጠይቃቸው «በገና ማን ይጣላል? እናቴ እንኳ ምንም አላለች፤ ልማዱ ነዋ። እርሱ ግን እስኪሞት ድረስ ቀና ብሎ ፊቴን አላየም» ብለው መለሱልን። ባለቤቱ የአማቻቸው ዓይን እንደማያይ ያውቁ ነበር፤ ምክንያቱን ግን በዝምድና በኖሩበት ዘመን ሁሉ ሰምተው አያውቁም ነበር።

በገና ዕለት ጌታ በሎሌው አይቈጣም፥ የተመታውም መቺውን አይቀየምም የሚለው የአባቶቻችን ልማድ እጅግ መልካም ነው። በቀድሞው ዘመን መኰንኑና ገበሬው፥ ጌታውና ሎሌው በአንድ ሜዳ ላይ ዱላ ይዘው እኩል የሚቆሙበት ቀን ጥቂት ነበርና። ዳሩ ግን ይህን ልማድ በጥልቅ ብናስበው ሌላ ግዴታ ይጥልብናል። በሌላው ቀን ሰው ቢጐዳ ሽማግሌ ይቀመጣል፥ ካሣ ይቈረጣል፥ ዳኛ ይሰየማል፤ በገና ግን እንደ ልማዱ ከጕዳቱ በኋላ የሚነሣ ነገር የለም። እንግዲያስ ጥንቃቄው ሁሉ ከጨዋታው በፊት መፈጸም አለበት። ይቅርታውን አስቀድሞ በሰጠ ሰው ላይ ጠንካራ ኳስ መስደድ ግፍ ነው።

ይህ ምክር ፍርሀት መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር ወደ ሌላው አገር ይመልከት። በአየርላንድ ኸርሊንግ የሚባል ከገና ጋራ የሚመሳሰል ጥንታዊ የዱላ ጨዋታ አለ፤ ኳሱ ውስጡ ቡሽ ሆኖ በቆዳ የተለበጠ ነው። ተጫዋቾቹ በድፍረታቸው የታወቁ ናቸው፤ ቢሆንም ከ2010 ጀምሮ ፊትን የሚከልል የራስ ቍር ሳያደርግ ማንም እንዳይጫወት ተደንግጓል፥ በዚህም ጨዋታው ክብሩን አላጣም። የሜዳ ሆኪ ኳስም ከ156 እስከ 163 ግራም እንዲመዝን ተወስኗል፤ ግብ ጠባቂውም ከራሱ እስከ እግሩ ተከልሎ ይቆማል። በአገራችንም የባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ለገና ደንብ አውጥቶ ከሌሎቹ የባህል ጨዋታዎች ጋራ ያወዳድራል። የመንደር ሜዳ ግን የተሾመ ዳኛ የለውም፤ ዳኞቹ ወላጆችና ሽማግሌዎች ናቸው።

ስለዚህ ለቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች የሚከተለውን እንመክራለን።

አንደኛ፥ ለልጆች የሚሰጠው ኳስ ጥንግ ይሁን፤ መጠኑም ከአዋቂ ሰው ጡጫ አይነስ። በዓይን ጐድጓዳ ውስጥ ሊገባ የሚችል ኳስ ለልጅ ጨዋታ አይሆንም።

ሁለተኛ፥ ሩር የሚወዱ ጐልማሶች ከልጆች ተለይተው ለብቻቸው ይጫወቱ፤ ተመልካቾችም ከኳሱ አቅጣጫ ርቀው ይቁሙ። ሩሩ ከጨዋታው በፊት በእጅ ተዳሶ ይመርመር፤ የተሰነጠቀ ሩር ሲፈነጠር ስንጥሩ እንደ ቢላዋ ይቈርጣልና።

ሦስተኛ፥ ሁለቱ ወገን ኳሱን አይተው ይስማሙ፤ ጨዋታውም በዚያው በአንዱ ኳስ ይፈጸም። ባለማዕርጉ ወይም ባለጸጋው ስላመጣው ብቻ ኳስ አይጽደቅ። በጐልፍ እንኳ ብሪታንያ 41.15 ሚሊሜትር፥ አሜሪካም 42.67 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ልዩ ልዩ ኳስ ብዙ ዘመን ሲጫወቱ ኖረው፥ ትንሹ ኳስ በ1990 ፈጽሞ ቀርቶ አንድ መለኪያ ለሁሉ ጸንቷል።

አራተኛ፥ ዱላ ከትከሻ በላይ አይነሣ፤ የጐልፍ ኳስም ለራሱ ሜዳ እንጂ ለገና ሜዳ አይሁን።

ይህ ሁሉ ተጠንቅቆ ሳለ ምናልባት ዓይን ቢመታ፥ ዓይኑ አይታሽ፥ አይጫን፥ ማናቸውም ቅጠልና ዱቄት አይጨመርበት፤ የደማ ወይም የተቀደደ ቢመስልም በውሃ አይታጠብ። ንጹሕ ሲኒ የመሰለ ጐድጓዳ ነገር ዓይኑን ሳይነካ በዙሪያው ባለው አጥንት ላይ አሳርፎ በጨርቅ ማሰር፥ ሳይዘገዩም ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። በዓሉ ይለፍና ነገ እንሄዳለን አይባልም። ሕመሙ ቢበርድ እንኳ ሐኪም ይየው፤ በዓይን ውስጥ የደረሰ ጕዳት ከውጭ ላይታይ ይችላልና።

በብቸና የሆነውን ጨርሰን እንሰናበት። አያቱ ሩሩን አንሥተው ወደ ቆጡ መለሱት፥ ጥንጉንም ለልጅ ልጃቸው ሰጡት፤ የወንድም ልጅም ነጯን ኳስ ወደ ሻንጣው ከተታት። በበዓሉ ቀን ልጁ በታላላቆቹ መካከል ሲሮጥ ዋለ፤ ኳሱን አንድ ጊዜ ስንኳ በዱላው አላገኛትም፥ ማታ ግን እንደ አሸናፊ ሆኖ ገባ። ጥንጉ ከሩሩ ይልቅ በርቀት ያንስ እንደ ሆነ የጠየቀ ሰው በሜዳው ላይ አልነበረም። የሞጣው ሽማግሌም በመስኩ ዳር ጋቢያቸውን ተከናንበው በአንድ ዓይናቸው እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ድረስ ሲመለከቱት ዋሉ።

አንባቢዎቻችንም ለሚመጣው በዓል በየቤታቸው ያለውን ኳስ አስቀድመው አንሥተው እንዲያዩት፥ በእጃቸውም ጨብጠው እንዲመረምሩት በአክብሮት እንለምናለን።